ለአባቴ የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ፣ ግሩንዲጉን ወይስ ሶኒውን?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ የሚኖሩት ጃቢ ጠህናን፣ ገጠር ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዓይናቸውም ደከም ብሏል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅን ካልሰሙ ቀኑ ያለቀ አይመስላቸውም። የድሮዋ ናሽናል ተበላሽታ ለልዋጭ ተሰጠች። አሁን ሁለት ያገለገሉ ሬዲዮዎች አግኝቻለሁ። አንዱ ደብረ ማርቆስ ያለ ግሩንዲግ ሳተላይት 2100 ነው፤ ትልቅና የሚያምር። ሌላው ባሕር ዳር ያለ ሶኒ አይ ሲ ኤፍ 7600 ዲ ነው፤ ትንሽ፣ ቁጥር እየተጫነ የሚሠራ። ሰው ሁሉ ባንዱ፣ ማለትም የሚይዘው የሞገድ ክልል፣ የበዛውን ግዛ ይለኛል። የትኛውን ልውሰድ? ስገዛስ ምን ምኑን ልይ? ደግሞ እኔ ቤት አጭር ሞገድ የተባለ ሁሉ ይንሿሿል። ይሄ የሬዲዮ ችግር ነው?»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድም። ለአባትህ ሶኒው ይሻላቸዋል። ግን ይሻላል ያልኩት ዓይነቱን ነው እንጂ ባሕር ዳር ያለውን ዕቃ አይደለም። እሱን ገና አላየነውም። ያገለገለ ሬዲዮ ሲገዛ ከስሙ ይልቅ ያለበት ሁኔታ ይበልጣል። ጤነኛ የሆነች ተራ ናሽናል ሆዱ ከዛገ ግሩንዲግ ብዙ ትሻላለች።

ሶኒውን ያስመረጠኝ የአባትህ ዓይን ነው። ግሩንዲጉ ላይ አንድ ጣቢያ ለማግኘት መጀመሪያ ከበሮ መሰሉን የባንድ መቀየሪያ ማዞር አለ። ከዚያ በቀጫጭን መስመሮች መካከል መርፌዋን ቀስ እያደረጉ መውሰድ አለ። ዓይኑ ደህና ለሆነ ሰው ይሄ ራሱ ደስታ ነው። ለአባትህ ግን በየማታው ፈተና ይሆንባቸዋል። ሶኒው አሥር ጣቢያ በማስታወሻው ይይዛል። አንተ አንድ ቀን ሄደህ ትሞላላቸዋለህ። ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሥራ ማብራትና አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። የቁልፉን ቦታ ጣታቸው ቶሎ ይለምደዋል።

ስትሞላላቸው አሥሩን ቁልፍ ለአሥር የተለያዩ ጣቢያዎች አታከፋፍል። የውጭ ጣቢያዎች አንዱን ፕሮግራም በሁለትና በሦስት ሞገድ በአንዴ ነው የሚለቁት። ስለዚህ 1ን፣ 2ን እና 3ን ሁሉንም የጀርመን ድምፅ አድርጋቸው። 1 ካልጠራ 2ን ይጫኑ፤ እሱም ካልሆነ 3ን። አንዳንድ ማታ አንዱ ሞገድ ከሰማዩ ሁኔታ የተነሳ ይደክማል። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ተብሎ ጩኸት ይለቀቅበታል። ሌላው ሊተርፍ ይችላል። የቀሩትን ቁልፎች ለቢቢሲ አማርኛና ለአገር ውስጥ ጣቢያዎች አድርጋቸው።

አንድ ነገር ግን እወቅ። እነዚህ ሞገዶች በዓመት ሁለት ጊዜ ይለዋወጣሉ። በዓለም ዙሪያ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ፕሮግራማቸውን የሚቀይሩት በፈረንጆች መጋቢትና ጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠርም መጋቢት አጋማሹን፣ ጥቅምትም አጋማሹን አለፍ ሲል ነው የሚውለው። «ሬዲዮው ተበላሸ» የሚል ስልክ ከአባትህ የሚመጣልህ ብዙውን ጊዜ ያኔ ይሆናል። ሬዲዮው ደህና ነው፤ ጣቢያው ነው ቦታ የቀየረው። ለሁለቱም ጊዜ አዲሱን ሞገድ ከጣቢያው ድረ ገጽ አይተህ ቁልፎቹን እንደገና ሙላላቸው።

ወደ ባንዱ ብዛት ልምጣ። «9 ባንድ»፣ «12 ባንድ» የሚለው ጽሑፍ ሬዲዮ ሻጭ የሚወደው ጽሑፍ ነው። ከባንዶቹ መካከል ግን ለአባትህ የማይረቡትን ቁጠር። ረጅም ሞገድ ለአውሮፓ የተሠራ ነው፤ እዚህ የሚሰማበት የለም። የቴሌቪዥን ድምፅ ባንድ የድሮ ነገር ነው። «ኤር» የሚለው ከ108 እስከ 136 ሜጋኸርዝ ያለው የአውሮፕላን መነጋገሪያ ነው። ባሕር ዳር በላይ ዘለቀ ኤርፖርት አጠገብ ብትኖር አልፎ አልፎ የፓይለት ድምፅ ትሰማ ነበር። ጃቢ ጠህናን ግን ዝምታ ነው። እነዚህን ስትቀንስ «12 ባንዱ» ወደ ሰባት ስምንት ይወርዳል።

ከባንድ ብዛት ይልቅ መጠየቅ ያለብህ ሬዲዮው አንዱን ጣቢያ ከሌላው ምን ያህል ይለያል ብለህ ነው። ርካሽ ባለብዙ ባንድ ሬዲዮ ከውጭ የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ ውስጡ ወደ 455 ኪሎኸርዝ ቀይሮ ነው የሚሠራበት። መጥፎ ጎኑ አንድ ኃይለኛ ጣቢያ ሁለት ቦታ ላይ መውጣቱ ነው። 9705 ኪሎኸርዝ ላይ ያለ ጣቢያ መርፌዋን 8795 ላይ ስታደርጋትም ይመጣል። ልዩነቱ 910 ነው፤ የ455 እጥፍ። ሻጩ «አየህ፣ ሁሉም ቦታ ይይዛል» ሲልህ ይሄንን ፈትሽ። የሚይዘው ያንኑ አንዱን ጣቢያ ደጋግሞ ሊሆን ይችላል። ጥሩዎቹ ሬዲዮዎች ሞገዱን ሁለት ጊዜ ስለሚቀይሩ ይሄ ችግር እምብዛም የለባቸውም። ያንተ ሶኒ ከእነዚህ አንዱ ነው። ግሩንዲጉም ከበሮው ላይ ባሉት ባንዶች እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ግዢው። ስትሄድ የራስህን ድንጋይ ይዘህ ሂድ። ይሄንን አደራ እላለሁ። ሻጭ በአዳፕተር ሰክቶ ኤፍ ኤም ከፍቶ ያስደምጥሃል፤ ኤፍ ኤም ደግሞ የሞተ ሬዲዮም ይይዘዋል። አንተ የምትገዛው አጭር ሞገዱን ነው። የሚሰማውም በድንጋይ ነው። ሶኒው የሚወስደው ስድስት ትንንሽ ድንጋይ ነው። አራቱ ሬዲዮውን ያሠራሉ፤ ሁለቱ ሰዓቱንና ማስታወሻውን የሚይዘውን ኮምፒዩተር። ብዙ ሰው አራቱን ብቻ አስገብቶ «አልበራ አለ» ይላል። ሁለቱ ከሌሉ ወይም ከደከሙ ሬዲዮው እንደሞተ ነው የሚሆነው። በዚህ የተነሳ «ለመለዋወጫ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ጤነኛ ሶኒ አለ፤ ዓይንህን ክፈት።

ድንጋይ ከማስገባትህ በፊት የድንጋይ ቤቱን ተመልከት። እዚያ ነው ታሪኩ የሚነበበው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካየህ ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ አፍስሷል ማለት ነው። ስፕሪንጉ ላይ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። የፈሰሰው አልካላይን ድንጋይ ከሆነ ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ነክረህ ዱቄቱን ታሟሟዋለህ። ቀጥለህ በአልኮል ትጠርገውና በደንብ ታደርቀዋለህ። ፈሳሹ በሽቦው በኩል ወደ ቦርዱ ከዘለቀ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል። ስለዚህ ጀርባውን ክፈትልኝ በለው። እምቢ ካለ ብሎኖቹን እያቸው። ራሳቸው የተላጠ ከሆነ ከዚህ በፊት ብዙ እጅ ገብቶበታል።

ከዚያ አብራው። ማሳያው ላይ ጥቁር እድፍ ወይም የጎደለ ቁጥር ካለ ተወው፤ የማሳያው መለዋወጫ የለም ብለህ ቁጠር። ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫናቸው። አንዱን አጥብቀህ ካልተጫንክ አልሰማ ካለ ከሥሩ ያለው ጥቁር ጎማ ቆሽሿል ማለት ነው፤ በአልኮል ይጸዳል። ድምፅ መጨመሪያውን ስታዞር ከተንኮሻኮሸ አትደንግጥ፤ በስፕሬይ ይድናል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ፊትህን ኮስተር አድርገህ ተናገረው። አንቴናውን ዘርግተህ ከሥሩ ነቅነቅ አድርገው። ድምፁ ከተቆረጠ ሥሩ ላልቷል፤ ይጠበቃል።

ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። መካከለኛ ሞገዱና ኤፍ ኤሙ ደህና ሆነው አጭር ሞገዱ ብቻ የሞተ ወይም ሹክሹክታ የሆነ ሬዲዮ አትግዛ። አንቴናው ጋ ያለው የመጀመሪያው ትራንዚስተር፣ ማለትም የሚመጣውን ሞገድ የሚያጎላው ትንሽ ዕቃ፣ ተመቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሶኒ ከፍ ባለው ዓይነት፣ በሶኒ አይ ሲ ኤፍ 2010 ላይ፣ ይሄ የታወቀ ሕመም ነው። ሰው ረጅም ሽቦ ይሰካበታል፤ መብረቅ በሩቅ ሲጥል በሽቦው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ትራንዚስተሩን ያቃጥለዋል። እንደ ጎጃም ክረምት መብረቅ በሚበዛበት አገር ይሄንን ቀላል አታድርገው። ጥሩ ቴክኒሻን ይቀይረዋል። ግን የሚቀይረው ቴክኒሻን መኖሩን ሳታረጋግጥ ገንዘብህን አታውጣ።

በተቃራኒው ደግሞ «ተበላሽቷል» ተብሎ ጤነኛ የሆነ አለ። አንዳንድ ሬዲዮ ላይ «ቢ ኤፍ ኦ» ወይም «ኤስ ኤስ ቢ» የሚል ማብሪያ አለ። ለመርከብና ለአማተር ሬዲዮ ነው። እሱ በርቶ ከተረሳ ጣቢያው ሁሉ ያፏጫል። ሶኒው ላይ አለ። አጥፋው፤ ፉጨቱ አብሮ ይጠፋል።

ኤፍ ኤሙንም ቁጥሩን እይ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የድሮ ሬዲዮዎች ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው የሚይዙት። ለሶቪየት ገበያ የተሠሩት ስፒዶላን የመሳሰሉ ደግሞ ኤፍ ኤም ካላቸው ከ65 ጀምሮ እስከ 74 ግድም ነው። በሁለቱም የባሕር ዳሩን 96.9 አትሰማም። ለውጭ ገበያ የተሠራው ግን እስከ 108 ይሄዳል። ያው ሬዲዮ፣ ያው መልክ፣ ልዩነቱ መስታወቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ግሩንዲጉን እንዲሁ አልንቀውም። ይሄ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀርመኑ ግሩንዲግ ኩባንያ የሠራው ነው። ድምፁን ሶኒው አይደርስበትም፤ ትልቅ ስፒከር ትልቅ ስፒከር ነው። ንግግሩ ደረት ድረስ ይሰማል። ለራስህ ቤት ቢሆን «ውሰደው» እልህ ነበር። ሕመሙ የሚታወቀው ከበሮው ላይ ነው። ባንዱ በተቀየረ ቁጥር የሚነካኩ ብዙ ትንንሽ የብር ቀለም ጥርሶች አሉት። ዘመን ሲረዝም ይጠቁራሉ። ስታዞረው ባንዱ ይጠፋል፤ ትንሽ ስትገፋው ይመለሳል። ሻጩ ፊት ከበሮውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ደጋግመህ አዙረው። እየጠራ ከመጣ ማጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ባንድ በፍጹም አልመጣ ካለ ግን ጥርሱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ችግር ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ የውስጥ ዕቃ፣ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ዓመት የሆነ ዕቃ ውስጥ ያሉት ፈሳሽ ያዘሉ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ። ምልክቱን በጆሮህ ለይ። በመብራት ሲሠራ ብቻ «እምም» እያለ የሚያጉተመትም ከሆነ ከመብራቱ በኩል ያለው ካፓሲተር ደርቋል። በድንጋይም ሆኖ ድምፅ ስትጨምር «ቱፍ ቱፍ» የሚል ከሆነ የውስጦቹ ናቸው። ሁለቱም በርካሽ ዕቃ ይጠገናሉ፤ የሚወደው የእጁ ዋጋ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በ110 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ሳታይ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። አንዴ «ጭስ» ካለ ወዲያ ወሬ የለም።

ጠጋኝ ጋ ስትወስደው ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ንገረው። «ኮይሎቹን፣ የሽቦ ጥቅልሎቹን፣ አትንካ።» ውስጡ በካቻቢቴ የሚዞሩ ቀለም ቀለም ያላቸው ትንንሽ ብሎን መሳዮች አሉ። ብዙ ጠጋኝ ድምፁ ደከመ ብሎ እነሱን ማዞር ይወዳል። እነሱ ፋብሪካ ውስጥ በመሣሪያ የተስተካከሉ ናቸው። አንዴ ከቦታቸው ከወጡ ያለ መሣሪያ የሚመልሳቸው የለም። ባንድ መቀየሪያው ላይም የሞተር ቅባት ወይም የመኪና ስፕሬይ አያርከፍክፍ። ለኤሌክትሪክ መገናኛ የተሠራውን ነው፤ እሱንም በጥቂቱ።

በነገራችን ላይ ገበያ ላይ የ1960ዎቹን ፊሊፕስ ብታገኝ፣ ቆዳ ኮቱ አሁንም ያማረ ቢሆን፣ ልብህ መማረኩ አይቀርም። የዚያን ዘመን የፊሊፕስና የግሩንዲግ ሬዲዮዎች ውስጥ ኤ ኤፍ 117 የሚባል የጀርማኒየም ትራንዚስተር አለ። ቆርቆሮ ቆቡ ውስጥ በዓይን የማይታይ የብረት ጢም እያበቀለ ራሱን ያገናኛል። አንዳንዱ በጣት ሲመታ ይነቃና ነገ ተመልሶ ይተኛል። ጠጋኞች ከአራቱ እግሮቹ ከቆቡ ጋር የተያያዘውን ቆርጠው ያስነሱታል። ለመደርደሪያ ጌጥ ግዛው፤ ለአባትህ ዜና ግን አይሆንም።

አሁን «እኔ ቤት ሁሉም ይንሿሿል» ወዳልከው። ይሄ የሬዲዮ ችግር አይመስለኝም። የቤትህ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ መብራት የሚጠፋበትን ማታ ጠብቅ። እንዲህ ያለ ማታ ደግሞ አይታጣም። ሰፈሩ ሲጨልም ሬዲዮህን በድንጋይ አብራ። ያ ሁሉ ሽሽታ ጠፍቶ ጣቢያው ጥርት ብሎ ከመጣ መልሱን አገኘህ። ጩኸቱን የሚያመጡት የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥን ሪሲቨርና ኢንቨርተር ናቸው። በተለይ ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ያለው ማጣሪያ የይስሙላ ነው። መብራት ሲኖር አንድ በአንድ ንቀላቸውና የትኛው ሲነቀል ሽሽታው እንደሚቀንስ ስማ። አባትህ ቤት የመብራት መስመር ከሌለ በዚህ በኩል ከአንተ ይሻላሉ። ሶላር ካላቸው ግን የሶላሩ መቆጣጠሪያ ሣጥን ራሱ ይጮሃል። ሬዲዮውን ከእሱ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቆርቆሮው ነው። የቆርቆሮ ጣራ ሞገዱን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። የድሮው የሣር ጎጆ ውስጥ ሬዲዮ ይበልጥ ይጠራ ነበር የሚሉ አረጋውያን ውሸታቸውን አይደለም። ሬዲዮውን መስኮት ላይ አስቀምጠው። ወይም አባትህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይስሙ።

ከዚያም ካልበቃ ሽቦ ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ተራ የመብራት ሽቦ ሰባት ስምንት ሜትር ያህል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጋር በሲባጎ እሰረው። ሽቦው ራሱ ግንዱን አይንካ። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አስገብተህ ልብስ መቆንጠጫ በመሰለ የብረት መያዣ ከአንቴናው ጋር አያይዘው። ከመብራት መስመር በታችም በላይም አታሳልፈው፤ ሰው ገዳይ ነው። ሽቦውን ሠላሳ ሜትር ባደርገውስ አትበል። ትንሽ ሬዲዮ ብዙ ሞገድ ሲጎርፍበት ጣቢያዎቹን ያደባልቃል። በጎኑ «ሎካል» እና «ዲ ኤክስ» የሚል መቀያየሪያ ካለ ሽቦ ስትሰካ ወደ ሎካል አድርገው። ደመና ሲጠቁር ደግሞ ሽቦው ከሬዲዮው ይነቀል። አባትህ ይሄንን ለልጅ ልጆቹ ሥራ አድርገው ይስጡት፤ ልጆች አይረሱም።

መካከለኛ ሞገድ ሲሰሙ ግን የሚዘረጋው አንቴና ሥራ የለውም። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ውስጡ ያለ ጥቁር ዘንግ ነው። ጣቢያው ደከም ካለ ሬዲዮውን እንዳለ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። በአንዱ አቅጣጫ ይጎላል፤ በሌላው ይጠፋል።

ሰዓትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ላይ ፈትሾ «አይይዝም» ማለቱ ነው። ፀሐይ ላይኛውን አየር በጨረሯ ስትመታው ዝቅ ያሉት ሞገዶች ከሩቅ አይመጡም፤ መንገድ ላይ ይዋጣሉ። ሲመሽ ይከፈታሉ። ስለዚህ ቀን ላይ ሩቅ አገር የምትፈልግ ከሆነ 19 እና 16 ሜትርን ፈልግ፤ በቁጥር ከ15 እስከ 18 ሜጋኸርዝ ግድም። ማምሻውን 31 እና 25 ሜትር። ማታ 49፣ 41 እና 31 ሜትር። ሜትሩን ከቁጥሩ ለማግኘት 300ን ለሜጋኸርዙ ማካፈል ነው። 6.11 ሜጋኸርዝ ብለህ ብታካፍል 49 ሜትር ይመጣልሃል፤ ፋና ሲሰማበት የኖረው ቦታ ነው። አማራ ሬዲዮም እዚያው ሰፈር፣ 6090 ላይ። ለቅርብ ጣቢያ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ለጎጃም ቅርብ ናት። ከፍ ያለው ሞገድ ከራሳችን በላይ አልፎ ሩቅ ይወርዳል። ዝቅ ያለው 49 ሜትር ግን ቀንም ቢሆን እዚሁ ይወርዳል። ሻጭ ቤት ቀን ላይ ከሄድክ መጀመሪያ የምትፈትነው እሱን ነው።

የውጭ ጣቢያዎች ሰዓት የሚጻፈው በግሪንዊች ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመለወጥ 3 ቀንስ። 12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንስ። 16:00 ካለ 13 ይሆናል፤ 12 ሲቀነስ 1፣ ማለትም ከምሽቱ 1 ሰዓት። 18:00 ካለ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ይሄን ከያዝክ የማንንም ጣቢያ ፕሮግራም ታነባለህ። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነውና አባትህ ምናልባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው የሚያውቁት። ቢቢሲ አማርኛ ግን በ2017 የመጣ ነው፤ ካልለመዱት አስለምዳቸው።

ስለ ድንጋይ ትንሽ ልበል። ሶኒው ሬዲዮውን በአራት፣ ኮምፒዩተሩን በሁለት ትንንሽ ድንጋይ ነው የሚያሠራው ማለቴን አትርሳ። ግሩንዲጉ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ ይፈልጋል። ገጠር ላይ በየጊዜው ስድስት ትልቅ ድንጋይ መግዛት ቀልድ አይደለም። ለሶኒው እንደገና የሚሞላ ድንጋይ ግዛላቸው፤ ሶላሩ ላይ ቻርጅ ይደረጋል። ሬዲዮውን ግን በቀጥታ ከሶላሩ ባትሪ ጋር አታገናኝ። የሶላር ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ ሶኒው 6 ነው። አዳፕተር ካስፈለገም ቮልቱ ብቻ ሳይሆን መሐለኛው ፒን ፕላስ ይሁን ማይነስ ከጀርባው ምልክት ጋር አስተያየው። ድንጋይ ደከመ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለአንድ ዜና ያህል ይረዳል። ከዚያ በኋላ ግን ያፈስሳል፤ አባትህ የዳንቴል ልብስ ያለበሱት ሬዲዮ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ማን ያያል?

ባሕር ዳር ያለው ሻጭ በቴሌግራም ነው የሚያናግርህ ብዬ ልገምት። ፎቶ አይበቃም። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ በድንጋይ አብርቶ፣ የአዳፕተሩ ቀዳዳ ባዶ መሆኑን አሳይቶ፣ 6 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ ጣቢያ ሲያሰማህ ቪዲዮ ይላክልህ። የድንጋይ ቤቱንም ከፍቶ ያሳይህ። ይሄን ለመላክ ካንገራገረ የመኪና ገንዘብህን አታባክን። በዚያ ፋንታ ቴክሰን ፒ ኤል 330 የሚባለውን ሬዲዮ አዲሱን አፈላልግ። እንደ ሶኒው ቁጥር ይጫናል፤ ማስታወሻም አለው። የሚሠራውም ቢ ኤል 5 ሲ በሚባለው የኖኪያ ስልክ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ደግሞ ፍኖተ ሰላም የትኛውም ስልክ ቤት አይጠፋም። ቁልፎቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ከ1 እስከ 3 ያሉትን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርግላቸው።